ቆርቆሮ ብቻ አትስጡን፤ ቦዩንም በዝናብ መሃል አትቆፍሩት

ይድረስ፦ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ የግንባታ ፈቃድ፣ የውሃ መፋሰሻ፣ የመብራት መስመር፣ የትምህርት ቤት ግንባታና የአደጋ ጊዜ ድጋፍ ሥራ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች ሁሉ፣ በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ ነፋስና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ በየዓመቱ ስለሚያደርሰው ጉዳትና ከመጪው መጋቢት በፊት መሠራት ስላለበት ሥራ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በጅማ ጣሪያ የምንመታ፣ ግድግዳ የምናቆም፣ ቦይ የምንገነባና የቤት መብራት የምንዘረጋ ሠራተኞች ነን። ዝናቡ አባርቶ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠራው እኛን ነው። ምን እንደተሰበረ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተሰበረም በእጃችን ነክተን እናየዋለን። ለመጻፍ የተነሳነው ዘንድሮ የተወሰነው ውሳኔ ከዓምናው ስላልተለየ ነው። ጣሪያው ለተገነጠለበት ቤተሰብ ቆርቆሮ ተቆጥሮ ይሰጠዋል፣ ይፈርማል፣ ጉዳዩ ተዘጋ ይባላል። ሚስማር የለም፣ እንጨት የለም፣ ማሰሪያ የለም፣ የሥራው ዋጋም አልታሰበም። ሰውየው ያገኘውን ቆርቆሮ በበሰበሰው ማገር ላይ በአሮጌ ሚስማር መልሶ ይመታዋል። የሚቀጥለው ነፋስም በዚያው በኩል ገብቶ ይወስደዋል።

አስቀድመን ስለ ወቅቱ አንድ ነገር እንበል፤ ብዙው ጥፋት የሚመነጨው ከዚህ ነውና። ጅማ የዝናብ አገር ናት። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል፤ ዝናቡም ሰኔን አይጠብቅም። በመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ነፋስና በረዶው የሚከፋው በአብዛኛው ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ድፍን ብሎ በሚያካፋበት በሐምሌ አይደለም፤ ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ ነው። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ከቀትር በኋላ ደመናው ሽቅብ ይቆለላል፣ አመሻሹ ላይ ነፋሱ ቀድሞ ይመጣና ዶፉ ይከተላል። ስለዚህ በሰኔ የሚጀመር «የክረምት ዝግጅት» ለጅማ በሦስት ወር የዘገየ ነው።

ወደ ጣሪያው እንግባ፤ ብዙ የምንለው በእሱ ላይ ነው።

ነፋስ ጣሪያን ከላይ ተጭኖ አይሰብርም፤ ከታች ፈልቅቆ ያነሳዋል። ጣሪያውን ተሻግሮ የሚያልፈው ነፋስ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ይስበዋል። በር ወይም መስኮት ከተከፈተ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባው ነፋስ ከሥር ይገፋዋል። ሁለቱ ኃይሎች በአንድነት የሚበረቱት በጣሪያው ጠርዝ፣ በአናቱና በማዕዘኖቹ ላይ ነው። ተገንጥሎ የተጣለ ቆርቆሮ አንስታችሁ ብታዩ የሚስማሩ ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ ተቀዶ ታገኙታላችሁ፤ ወይም ሚስማሩ ከነጎሚኒው (ውሃ እንዳያስገባ ከራሱ ሥር ከሚደረገው ላስቲክ ጋር) አብሮ ወጥቷል። የመጀመሪያው ቆርቆሮው ስስ መሆኑንና ሚስማሩ ማነሱን ይናገራል። ሁለተኛው እንጨቱ ሚስማሩን እንዳልያዘው ይናገራል። የሁለቱ መድኃኒት የተለያየ ነው፤ ድጋፉ ግን ይህን ሳይለይ ቆርቆሮ ብቻ ይሰጣል።

እንጨቱ ሚስማሩን የማይይዝበት ዋናው ምክንያት እርጥብ ባህር ዛፍ መሆኑ ነው። በእርጥቡ የተመታ ሚስማር እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ ይላላል። ማገሩ ቢያንስ ሦስት ወር ጥላ ሥር መድረቅ አለበት። ያ ካልሆነ ሚስማሩ ማገሩን በስቶ አልፎ ጫፉ በጀርባው በኩል መታጠፍ ይኖርበታል፤ የታጠፈ ሚስማር ቀጥ ብሎ አይወጣም። በማገርና በማገር መካከል ያለው ርቀት ለስሱ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ከ80 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። እኛ ግን 1 ሜትር ከ20 ድረስ የተራራቀ ማገር እናያለን። በዚህ ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነፋስ በነካው ቁጥር ይርገበገባል፣ መርገብገቡም የሚስማሩን ቀዳዳ ያሰፋዋል።

የሚስማሩ ብዛት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለአንድ ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ከ12 ያላነሰ ባለ ጎሚኒ ሚስማር ያስፈልጋል። በጠርዝ፣ በአናትና በጎን ለሚያርፉት ደግሞ 18። ሚስማሩ የሚመታው ጉብታው ላይ እንጂ ጎድጓዳው ላይ አይደለም፤ ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውሃ ያስገባል። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ሲደረብ በቁመት 20 ሳንቲ ሜትር፣ በጎን ሁለት ጉብታ መደራረብ አለበት። ቆርቆሮ ለማብቃቃት ሲባል መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው መደራረብ ነው፤ ተቆጥሮ የሚሰጠው ቆርቆሮ ከጣሪያው ስፋት ሲያንስ ሰዉ ሌላ ምርጫ የለውም።

ከዚህም የሚበልጥ ጉድለት አለ። ቆርቆሮው በደንብ ተመትቶ ካፕሪያታው (ጣሪያውን የሚሸከመው የእንጨት አካል) ግን ከግድግዳው ጋር በሁለት ሚስማር ብቻ ከተያያዘ ነፋሱ ጣሪያውን ከነእንጨቱ አንስቶ ጎረቤት ላይ ይጥለዋል። በጭቃ ቤት እያንዳንዱ ወራጅ (ማገሩን የሚሸከመው ዘንበል ያለ እንጨት) በግድግዳው ራስ ላይ ከተጋደመው እንጨትና ከቋሚው ጋር በድርብ ሽቦ ተጠምጥሞ መታሰር አለበት። በብሎኬት ቤት ደግሞ የላይኛው ቢም ሳይሞላ በፊት የ6 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየወራጁ ትክክል ወደ ላይ ተተክሎ ኮንክሪቱ ውስጥ መያዝ ይኖርበታል። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ይህን መጨመር አስቸጋሪም ውድም ነው። የግንባታ ተቆጣጣሪ ሊያየው የሚገባው ቀን ያ ቀን ነው። ተቆጣጣሪው ግን ሲመጣ የሚለካው የቦታውን ወሰንና የፎቁን ከፍታ ነው። ጣሪያው እንዴት እንደታሰረ የጠየቀ ተቆጣጣሪ እስካሁን አላጋጠመንም።

የታዛውም ነገር ለጅማ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዝናባችን ብዙ ስለሆነ የጭቃ ግድግዳ እንዳይታጠብ ታዛው ሰፋ ተደርጎ ይሠራል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን 80 ወይም 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ታዛ ለነፋሱ የተዘረጋ እጅ ነው። መፍትሔው ታዛውን ማሳጠር አይደለም። ከሥሩ በየ1 ሜትር ተኩል ከግድግዳው ቋሚ የሚነሳ ሰያፍ ድጋፍ ማድረግና የታዛውን ሆድ በጣውላ ወይም በኮርኒስ መዝጋት ነው። ይህን ያደረገ ቤት ነፋሱ ከሥር የሚይዝበት ስለሌለው ይቆማል።

የሚስማሩ፣ የሽቦውና የድጋፍ እንጨቱ ዋጋ ከቆርቆሮው ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ያ ትንሹ ስለቀረ ነው ትልቁ በየዓመቱ የሚጠፋው። አቅመ ደካማ እናቶችና ተከራዮች እንደገና ሲለምኑ ማየት ለእኛም ከባድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበታችንን በነጻ ሰጥተን እንመታላቸዋለን። ማሰሪያ በሌለበት ግን ጉልበት ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛው አቤቱታችን ስለ ቦይና ስለ ጎርፍ ነው።

ከተማዋ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ናት። ከጅሬን በኩል ካለው ከፍታ የሚወርደው ውሃ በሠፈሮቹ መሃል አልፎ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በቦዬ ረግረግ አድርጎ ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል። ድሮ ከፊሉን ውሃ ሣርና አፈር ይጠጣው ነበር። አሁን ጣሪያና ንጣፍ ስለበዛ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። እያንዳንዳቸው 60 ካሬ ሜትር የሆኑ 100 ጣሪያዎች ላይ በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 240,000 ሊትር ውሃ ከአንድ መንደር ወደ አንድ ቦይ ይመጣል፤ ይህም የመንገዱንና የግቢውን ውሃ ሳይጨምር ነው።

ቦዩ ይህን መቀበል የሚያቅተው ሁልጊዜ ስለጠበበ አይደለም። ገራባ፣ የቡና ገለባ፣ ፌስታልና ሃይላንድ ይዘጉታል። በተለይ መንገድ የሚያቋርጡት ትቦዎች በመግቢያቸው ላይ ይደፈናሉ። የ60 ሳንቲ ሜትር ትቦ ውስጥ ሰው ገብቶ ማጽዳት አይችልም። የ90ው ግን ሰው ይገባበታል፣ የሚቀበለውም ውሃ ከ60ው ከእጥፍ በላይ ነው። አዲስ ሲቀበር የዋጋውን ልዩነት ማየት ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ ማን እንደሚያጸዳውም ማሰብ ይገባል።

ክዳኑን ተመልከቱ። 1 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር ሆኖ 12 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ክዳን ወደ 240 ኪሎ ይመዝናል። መያዣም የለውም። የሚያጸዳው ሰው በድጅኖ ሲፈለቅቀው ጠርዙ ይሰበራል፣ የተሰበረው ቦይ ውስጥ ይወድቃል፣ ቦዩም ለዘለቄታው ይደፈናል። 40 ሳንቲ ሜትር በ80 ሆኖ 8 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር፣ ሁለት የፌሮ ቀለበት ያለው ክዳን ከ65 ኪሎ አይበልጥም፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል። መኪና በማይወጣበት የእግረኛ ቦታ ይህ ይበቃል። መኪና በሚወጣበት ደግሞ ወፍራሙ ይሁን፣ ግን በየ10 ሜትሩ አንድ የሚነሳ ክዳን ይተውለት።

ከቦዩ የወጣው ደለል የሚሆነውም ያሳዝናል። ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ቆፍረው ያወጡትን ጭቃ ቦዩ ዳር ይከምሩታል፤ የሚያነሳው መኪና ሳይመጣ ዝናብ ይዘንባል፣ ጭቃውም ወደነበረበት ይመለሳል። ለማጽዳቱ ተከፍሏል፣ ቦዩ ግን አልጸዳም። ደለሉ በተቆፈረ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተነሳ ባይቆፈር ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው እንመጣለን። የበጀት ዓመቱ የሚገባው ሐምሌ 1 ነው፤ በጅማ ያ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ጥናት፣ ጨረታና ውል ሲጓተት በጋው ያልፋል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት መሬቱ ደርቆ፣ አዌቱም ዝቅ ብሎ ሥራ የሚጠብቁ ወራት ናቸው። ሥራ ተቋራጩ የሚገባው ግን በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ገንዘቡ ሰኔ 30 እንዳይመለስ በሚል ጥድፊያ ነው። ያኔ የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፣ ግድግዳው ሳይገነባ ይናዳል፣ ኮንክሪቱ በውሃ ቀጥኖ ይሞላል። ግማሽ ላይ የቀረ ቦይ ጭራሽ ካልተነካው ይብሳል፤ ውሃውን ሰብስቦ መውጫ ሳያበጅለት ሰው ቤት ያስገባዋልና። ገበያ አካባቢ ባለ አንድ መንገድ እንዲህ ተቆፍሮ በቀረ ቦይ የተነሳ ሱቆች ውስጥ ውሃ ገብቶ እህልና ስኳር ተበላሽቷል። ባለሱቆቹ የሚጠይቁትን ቢሮ እንኳ አያውቁም፤ አንዱ ወደ ሌላው ይመራቸዋል።

ረግረጎቹንም አትርሱብን። ቦዬ፣ ኪቶና ኮፌ ጎርፉን ተቀብለው ቀስ ብለው የሚለቁ ቦታዎች ናቸው። ለጡብ አፈር ሲቆፈሩ፣ ባህር ዛፍ ሲተከልባቸውና በአፈር ሲሞሉ ውሃው የሚያርፍበት ያጣል። እኛ ራሳችን ጡብ እንገዛለን፣ አፈር እንደሚያስፈልግም እናውቃለን። የሚቆፈርበትና የማይነካው ቦታ ግን መሬት ላይ በግልጽ ምልክት መለየት አለበት።

ሦስተኛው የመብራት ነገር ነው። በወጀብ ጊዜ መብራት ይጠፋል ብለን አናማርርም፤ መጥፋቱ አንዳንዴ ያድናል። የምናማርረው አስቀድሞ መታየት የሚችል ምሰሶ ሳይታይ በመውደቁ ነው። የእንጨት ምሰሶ የሚበሰብሰው መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይና ከ30 በታች ባለው ክፍል ነው። በመዶሻ ሲመቱት ድምፁ ባዶ ከሆነ፣ ወይም ጠመንጃ መፍቻ በቀላሉ ከሰመጠበት ምሰሶው አልቋል። ይህ ፍተሻ ለአንድ ምሰሶ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የ9 ሜትር ምሰሶ 1 ሜትር ተኩል መቀበር ሲገባው ከ1 ሜትር ያነሰ ተቀብሮ ያገኘንበት ቦታ አለ፤ አፈሩ ሲርስ ዘመም ይላል፣ ሽቦው ይላላል፣ ነፋስ ሲመጣ ሽቦ ከሽቦ ይነካካል።

ከሦስቱ ፌዝ (ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች) አንዱ ተቆርጦ ሁለቱ ሲቀሩ የወፍጮ ሞተር ይቃጠላል። የወፍጮ ባለቤቶች የፌዝ መጉደል መከላከያ እንዲያስገቡ እኛ እንመክራለን፤ በመስመሩ በኩል ያለው ፊዩዝ ግን በሽቦ ቁራጭ እንዳይተካ የመጠበቁ ኃላፊነት የእናንተ ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ደግሞ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቆየት ስላለበት መስመር ሲመለስ ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ የተጻፈ ዝርዝር ሊኖር ይገባል።

ከሁሉ የሚያስፈራን የወደቀ ሽቦ ነው። እርጥብ መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ሳይነኩትም ይገድላል። ሰው ከ10 ሜትር በላይ መራቅ አለበት፤ አጠገቡ ላይ ከሆነም እግሩን ከእግሩ ሳያራርቅ በትንንሹ እየጎተተ መውጣት እንጂ መሮጥ የለበትም። ቆርቆሮው ተነቅሎ ሽቦ ላይ ባረፈበት ቤት ደግሞ ባለሙያ ሳያየው መብራት መልሶ መልቀቅ ጣሪያውንና እርጥቡን ግድግዳ ኤሌክትሪክ ማድረግ ነው። ይህን በየቀበሌው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለፍፎ ማስረዳት ብዙ ወጪ የለውም።

አራተኛው መብረቅ ነው፤ አጭር ነው ግን አትለፉት። ሜዳ ላይ ብቻቸውን የቆሙ ብዙ ትምህርት ቤቶች የመብረቅ መከላከያ የላቸውም። ያላቸውም መዳቡ ተሰርቆ ዘንጉ ብቻ ጣሪያ ላይ ቀርቷል፤ መሬት ያልደረሰ ዘንግ ከሌለው አይሻልም። ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ማዕዘን የሚወርድ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ያስፈልጋል፣ ሹል መታጠፊያ ሳይኖረው። የታችኛው 2 ሜትር ተኩል በቱቦ ይሸፈን፤ ከሌባም ከልጆች እጅም ይጠብቀዋል። የመሬቱ መቋቋም (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍበት የሚያግድበት መጠን) ከ10 ኦም በታች መሆን አለበት፣ የሚለካውም በበጋ ነው። በክረምት ሲለካ የራሰው አፈር መጥፎውን ጥሩ ያስመስለዋል። ለመምህራንም አንድ ደንብ ይበቃል፦ ብልጭታው ከታየ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ነጎድጓድ ከተሰማ ልጆች ከሜዳና ከዛፍ ሥር ወደ ክፍል ይግቡ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ።

በዙሪያችን ያሉ ገበሬዎች እንድንጨምርላቸው የጠየቁን አንድ ነገር አለ። በረዶ የመታው በቆሎ ገና ጉልበት ሳይደርስ ከሆነ ማደጊያው መሬት ውስጥ ስለሆነ ያገግማል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቆ አዲስ ቅጠል ማየት ነው። አበባ አውጥቶ የወደቀው ግን አይነሳም። የጉዳት መዝጋቢዎች ከሳምንታት በኋላ ሲመጡ ሁለቱን መለየት አይችሉም፤ አንዳንዱ የሚድነውን ገልብጦ ያርሳል፣ ሌላው የጠፋበትን ሳይመዘገብለት ይቀራል።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ለተጎዳ ቤት የሚሰጠው ድጋፍ ቆርቆሮ ብቻ መሆኑ ይቅር። ቆርቆሮው ከሚስማሩ፣ ከማሰሪያ ሽቦው፣ ከደረቀ ማገርና ከሥራ ዋጋው ጋር አብሮ ይሰጥ፤ መጠኑም በቤቱ ስፋት ይለካ። ማሰሩን ለየሠፈሩ ወጣቶች ለማሠልጠን እኛ ዝግጁ ነን። ቦታና ናሙና የሚሠራበት እንጨት ከእናንተ ይምጣ።

የግንባታ ፈቃድ ተቆጣጣሪ የላይኛው ቢም ከመሞላቱ በፊትና ጣሪያው ከመመታቱ በፊት ሁለት ጊዜ መጥቶ ማሰሪያውን አይቶ ይፈርም።

የቦይ ሥራ ጥናትና ጨረታ ከሐምሌ እስከ መስከረም አልቆ ውሉ በጥቅምት ይፈረም፣ ግንባታው ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን። ከመጋቢት 1 በኋላ አዲስ ቁፋሮ አይጀመር። ተጀምሮ የቀረ ቦይ ካለም እስኪጨረስ ድረስ ጊዜያዊ የውሃ መውጫ ይበጅለት። የአዌቱና የመንገድ ማቋረጫ ትቦዎች ጽዳት በየካቲት ይጠናቀቅ፣ የወጣውም ደለል በዕለቱ ይነሳ። ለየሠፈሩ ቦይ የሚጠየቅ አንድ ቢሮና አንድ ስልክ ተለይቶ ይለጠፍ።

የእንጨት ምሰሶዎች በታኅሣሥና በጥር ተመትተው ይፈተሹ፤ ያለቀላቸው ቀይ ቀለም ተቀብተው ከመጋቢት በፊት ይቀየሩ። መስመር የነኩ ቅርንጫፎችም በዚያው ጊዜ ይቆረጡ፤ ነዋሪው ራሱ ልቁረጥ ብሎ እንዲሞት አይተው።

የመብረቅ መከላከያ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ይውጣና ከፍታና ሜዳ ላይ ካሉት ይጀመር።

ለዚህ ደብዳቤ ምላሻችሁን በጽሑፍ፣ በቀበሌዎቹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ብናየው እንወዳለን። ለስብሰባ ከጠራችሁንም የተቀደደውን ቆርቆሮ፣ የወጣውን ሚስማርና በትክክል የታሰረውን ናሙና ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር

በጅማ ከተማ የጣሪያ፣ የግንብ፣ የቦይና የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ ሠራተኞች

ግልባጭ፦
ለየቀበሌው ጽሕፈት ቤት
ለየእድሩ ሰብሳቢዎች
ለየትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ